ስዊድንን በእግር፦ ከቦሌ ለሚነሳ መንገደኛ

ስዊድን በሰሜን አውሮፓ፣ በኖርዌይና በፊንላንድ መካከል፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ወደ 1,570 ኪሎ ሜትር የተዘረጋች ረጅም አገር ናት። ስፋቷ 450 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የኢትዮጵያን ግማሽ አይሞላም። ሕዝቧ ግን ከ10 ሚሊዮን ብዙም ስለማይበልጥና አብዛኛውም በደቡብ ስለሚኖር፣ ወደ ሰሜን በተጓዙ ቁጥር አገሩ ሰው አልባ እየሆነ ይሄዳል። ከመሬቷ 70 በመቶ የሚጠጋው ደን ነው። ከአንድ ሄክታር የሚሰፉት ሐይቆቿ ብቻ ቢቆጠሩ መቶ ሺህ ይደርሳሉ፤ ትልቁ ቬነርን 5,650 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጣናን በሰፊው ያስከነዳል።

ከፍ ያለ ተራራ ፈልጎ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ግን ትንሽ ይገረማል። የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ኬብነካይሴ 2,097 ሜትር ገደማ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ተርሚናል ውስጥ የተሰለፈ መንገደኛ ገና ሳይሳፈር ከስዊድን ጫፍ በላይ ቆሟል ማለት ነው። የኬብነካይሴ ታሪክም የራሱ ጉድ አለው። ለረጅም ዘመን ከፍተኛው የደቡቡ ጫፍ ነበር። ያ ጫፍ በበረዶ የተሸፈነ በመሆኑ ሙቀቱ ሲጨምር እየቀለጠ አጠረ፤ በ2019 ሲለካ ከድንጋያማው የሰሜን ጫፍ አንሶ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩን የተለየ የሚያደርገው ከፍታው ሳይሆን ኬክሮሱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስቶክሆልም 59፣ በሰሜን ጫፍ ያለችው ኪሩና ደግሞ 68 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ጅብራ ከ3,500 ሜትር በላይ ይበቅላል። በስዊድን ሰሜን ግን ከ700 ሜትር ገደማ በላይ ዛፍ የለም። ጣርማ በር የሚያስቀዘቅዘው ከፍታው ስለሆነ ወደ ቆላ ወርዶ መሞቅ ይቻላል። ኪሩና ላይ ግን የሚወረድበት ቆላ የለም።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ምቹው ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው። ቦሌና መገናኛ በዝናብ በሚጨናነቁበት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዚያ ወቅት ስዊድን በጋዋ ላይ ናት። በሰኔ አጋማሽ በስቶክሆልም ፀሐይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ትወጣና የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነው፤ ከዚያም በኋላ ሰማዩ በደንብ አይጨልምም። ኪሩና አካባቢ ደግሞ ከግንቦት ማብቂያ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ጭራሽ አትጠልቅም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ተራራ ሲወጣ ወይም ዓሣ ሲያጠምድ ይታያል። ይህ በወሬ ሲሰማ ያስደስታል፤ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ለልምዱ አዲስ የሆነ ሰው ዐይን መሸፈኛ ጨርቅ ቢይዝ ይጠቅመዋል። የበጋው ትልቅ በዓል ሚድሶመር በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 12 እስከ 18 ባሉት ቀናት በሚውለው ዓርብ ይከበራል። በአበባና በቅጠል ባጌጠ ምሰሶ ዙሪያ ይጨፈራል፣ አዲስ ድንችና በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ሄሪንግ ዓሣ ይበላል። ከተሜው ለበዓሉ ወደ ገጠር ስለሚወጣ በዚያ ዕለት ስቶክሆልም የሚደርስ እንግዳ የተዘጋ ሱቅና ባዶ ጎዳና ሊጠብቀው ይችላል።

መንገዱ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ስቶክሆልም ይበርራል፤ በ2017 ኦስሎን፣ በ2023 ደግሞ ኮፐንሃገንን ስለጨመረ ሦስቱም የስካንዲኔቪያ ዋና ከተሞች ከቦሌ ተደራሽ ናቸው። በበጋ በስቶክሆልምና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት አንድ፣ በብርድ ወራት ሁለት ሰዓት ነው።

የሚከብደው ቪዛው ነው። ስዊድን የሸንገን አባል ስለሆነች ቪዛዋ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቆያል፤ በዚያው ቪዛ ወደ ኖርዌይና ዴንማርክም መሻገር ይቻላል። ማመልከቻው ከጉዞው ቢበዛ ስድስት ወር፣ ቢያንስ ደግሞ 15 ቀን ቀደም ብሎ መግባት አለበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የማረፊያ ማስረጃ ወይም የዘመድ ግብዣ ይጠየቃል። ፈታኙ ጉዳይ ተጓዡ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማሳመን ነው። ቋሚ ሥራ፣ ቤተሰብና ንብረት ያለው ሰው ይህንን በወረቀት ማሳየት ይገባዋል፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በድንገት የሒሳብ ደብተር ውስጥ የገባ ብዙ ገንዘብ ከሚረዳው ይልቅ የሚጎዳው ይበልጣል። ቪዛ ሳይገኝ የማይመለስ ትኬት መግዛትም አጉል ድፍረት ነው።

ስቶክሆልም የማላረን ሐይቅ ከባልቲክ ባሕር በሚገናኝበት ቦታ በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ድልድዩ ብዙ ነው፤ ጎብኚው ሳያስተውለው ከደሴት ወደ ደሴት ይሻገራል። ጋምላ ስታን የሚባለው አሮጌው ከተማ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተቆረቆረ ነው። ብዙዎቹ ጠባብ የድንጋይ መንገዶቹ የሚያመሩት ስቶርቶርየት ወደሚባለው አደባባይ ነው። ዛሬ ዙሪያውን ቡና ቤት የከበበው ይህ አደባባይ በኖቬምበር 1520 የዴንማርክ ንጉሥ ዳግማዊ ክርስቲያን ከ80 በላይ የስዊድን መኳንንትና ካህናት አንገት ያስቀላበት ነው። አባቱ ከሟቾቹ አንዱ የነበረው ወጣት ጉስታቭ ቫሳ አምልጦ ገበሬውን አስነሳ፤ ጁን 6 ቀን 1523 ንጉሥ ሆኖ ተመረጠ። የስዊድን ብሔራዊ ቀን የሚከበረው በዚያው ዕለት ነው።

በከተማዋ አንድ ሙዚየም ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ቫሳን ይምረጥ። ቫሳ 69 ሜትር የሚረዝም፣ 64 መድፍ የተሸከመ የጦር መርከብ ነው። ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ለሚያደርገው ጦርነት ሁለት ፎቅ መድፍ እንዲጫንበት አዘዘ። መርከቡ ከላይ የከበደ፣ ከታች የጠበበ ሆነ። ከመነሳቱ በፊት 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ሚዛኑን ሲፈትሹ፣ ገና ሦስተኛው ዙር ላይ እንዳይገለበጥ ተፈርቶ ሙከራው ቆመ። ንጉሡ ግን ውጭ አገር ሆኖ ይቸኩል ስለነበር ደፍሮ «አይሆንም» ያለ አልተገኘም። ኦገስት 10 ቀን 1628 ሕዝቡ ወደቡ ላይ ተሰብስቦ እያየ፣ መርከቡ 1,300 ሜትር ያህል ተጉዞ በመጠነኛ ነፋስ ጋደለ፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባና ሰጠመ። ሠላሳ ያህል ሰው ሞተ። ምርመራ ተካሂዶ ማንም ጥፋተኛ አልተባለም፤ ንድፉን ያጸደቀው ንጉሡ ራሱ ስለነበር ፍርዱ ከዚህ ውጭ መሆን ይከብደው ነበር።

ቫሳ 333 ዓመት ከባሕር ሥር ቆይቶ በአፕሪል 1961 ሳይፈራርስ ወጣ። ምክንያቱ የባልቲክ ውኃ ነው፤ ጨዋማነቱ አነስተኛ ስለሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም። እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ለ17 ዓመት ኬሚካል ሲረጭበት ኖረ። አሁን በ1990 በተከፈተው ቤት ውስጥ ቆሟል፤ ከአካሉ ከ95 በመቶ በላይ የሆነው የጥንቱ ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ዘመኑን ከራሱ ታሪክ ጋር ሊያስተያየው ይችላል። ቫሳ ሲሰጥም ኢትዮጵያን ይገዙ የነበሩት ካቶሊክነትን የተቀበሉት ዐፄ ሱስንዮስ ነበሩ፤ ጉስታቭ አዶልፍ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከካቶሊክ ነገሥታት ጋር ጀርመን ላይ ጦርነት ገጠመ። የሁለቱም ዘመን ያበቃው በ1632 ነው። ሱስንዮስ የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ጉስታቭ አዶልፍ ሉትሰን ላይ በጦር ሜዳ ወደቀ።

ከቫሳ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ስካንሰን አለ። አርቱር ሃሴሊየስ በ1891 የመሠረተው ይህ ስፍራ በዓለም የመጀመሪያው ክፍት ሙዚየም ነው፤ ከመላ አገሪቱ የተነቀሉ የእንጨት ጎጆዎች፣ ወፍጮዎችና አብያተ ክርስቲያናት መጥተው እንደገና ተተክለውበታል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ድብና ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘንም እዚያው ይታያሉ። በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በየዓመቱ ዲሴምበር 10 የኖቤል እራት ይቀርባል። የሰላም ሽልማቱ ግን የሚሰጠው ኦስሎ ስለሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2019 የተሸለሙበትን አዳራሽ ማየት የሚሻ ወደ ኖርዌይ መሻገር ይኖርበታል። የስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡርም ቢሆን ራሱን የቻለ ጉብኝት ነው፤ ከመቶው ጣቢያ ከ90 የሚበልጡት በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ የተዋቡ ስለሆኑ በአንድ ትኬት ብዙ ማየት ይቻላል።

ስዊድን ለኢትዮጵያ እንግዳ አገር አይደለችም፤ ይህንን አስቀድሞ የሚያውቅ ጎብኚ የሚያየው ይበዛለታል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። ከባርነት ነጻ ወጥቶ በእነርሱ ዘንድ የተማረው ኦነሲሞስ ነሲብ በስቶክሆልም ዮሃነሉንድ የተባለ ትምህርት ቤት ገብቶ ተመለሰ፤ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳተመ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1924 አውሮፓን ሲዞሩ ስቶክሆልምንም ጎብኝተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የስዊድን መኮንኖች ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጣሊያን ሲወርር ደግሞ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ መልካ ዲዳ ላይ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 1935 በአውሮፕላን ተደበደበ። በዚያ ጦርነት አምቡላንስ አውሮፕላን ያበርር የነበረው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ደብረ ዘይት ላይ አየር ኃይሉን በማደራጀት ዓመታት አሳለፈ፤ ሕይወቱ ያለፈውም በ1977 ጎዴ ላይ፣ በኦጋዴን ጦርነት ነው። ልደታ የሚገኘው ሕንፃ ኮሌጅ በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ አሰላ ላይ በ1967 የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ በስዊድን እርዳታ የተካሄደ ነው።

ስፖርቱም አለ። አበበ ቢቂላን ለሮምና ለቶኪዮ ያዘጋጀው ኦኒ ኒስካነን ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድን ያደገ አሠልጣኝ ነበር። ከመገናኛ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው ጎዳና የተሰየመለት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1995 የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደው በጎተንበርግ ነው። ገንዘቤ ዲባባ በፌብሩዋሪ 2015 የ5,000 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን የሰበረችው ስቶክሆልም ላይ ነበር። ሩጫ ወዳድ ጎብኚ ለ1912ቱ ኦሎምፒክ የተሠራውንና እስካሁን ውድድር የሚካሄድበትን ቀይ ጡብ ስታዲየም ሳያይ ባይመለስ ይመረጣል።

ከስቶክሆልም በባቡር 40 ደቂቃ ያህል የምትርቀው ኡፕሳላ በ1477 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በሰሜን አውሮፓ አገሮች ካሉት ሁሉ የቀደመ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በጎት ቋንቋ በብር ቀለም የተጻፈ ወንጌል ያሳያል፤ በግምጃ ቤቱ ደግሞ የግዕዝ ብራናዎች አሉት። ቡናን በ1753 በሳይንሳዊ መዝገብ ያሰፈረው ሊኒየስ ያስተማረውም እዚህ ነው፤ የአትክልት ስፍራው በነበረበት ተጠብቆ ይጎበኛል። የቫይኪንጎቹን ዘመን የሚፈልግ ከስቶክሆልም በጀልባ ወደ ቢርካ ይሄዳል። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎቿ እስከ አረብ አገር የዘለቀ ንግድ የነበራቸው ይህች የደሴት ከተማ ዛሬ የመቃብር ጉብታና ሣር ናት። መነኩሴው አንስጋር ክርስትናን ሊሰብክ የመጣባት በ829 ገደማ ነው፤ አክሱም ከተጠመቀች 500 ዓመት አልፎ ማለት ነው። ጊዜ ያለው ሰው ወደ ጎትላንድ ደሴት ተሻግሮ 3.4 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ግንብ የተከበበችውን ቪስቢን ማየት ይችላል፤ ሐረርን የሚያውቅ ግንቡን በዐይኑ ማወዳደሩ አይቀርም።

እዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ የመግቢያ ክፍያ፣ ትኬትና ሆቴል የሚጠይቅ ነው፤ ስዊድን ውስጥ ደግሞ ሦስቱም ውድ ናቸው። የአገሪቱ ምርጡ ነገር ግን በነጻ የሚገኝ ነው። አለማንስሬተን የሚባለውና በ1994 በሕገ መንግሥቷ የሰፈረው መብት ማንኛውም ሰው፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ በሌላው ሰው ደንና ሜዳ ላይ ያለ ፈቃድ እንዲራመድ፣ እንዲዋኝ፣ በጀልባ እንዲቀዝፍ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ድንኳን ተክሎ እንዲያድር ያስችለዋል። የጫካ እንጆሪ፣ ሰማያዊና ቀይ የዱር ፍሬዎች፣ እንጉዳይም ለቅሞ መብላት ይፈቀዳል። ድንበር በአጥር፣ በውሻና በዘበኛ በሚጠበቅበት አገር ላደገ ሰው ይህ መጀመሪያ የሚታመን አይሆንም፤ «የማን መሬት ነው?» የሚለው ጥያቄ አፍ ላይ ይመጣል።

መብቱ ልክ አለው። ከሰው ቤት ደጃፍ መራቅ፣ የተዘራ እርሻ አለመርገጥ፣ የቆመ ዛፍ አለመቁረጥ፣ ቆሻሻን ይዞ መመለስ ግዴታ ነው። በደረቅ ወራት እሳት ማንደድ ሊከለከል ይችላል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የተለየ ደንብ ይኖራል። ዓሣ ማጥመድ በአብዛኛው ሐይቅና ወንዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በባሕሩ ዳርቻና ቬነርንንና ማላረንን ጨምሮ በአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ግን በዘንግ ማጥመድ ለሁሉም ክፍት ነው። እንጉዳይን በደንብ የማያውቅ ሰው ባይለቅም ይሻለዋል፤ ከመርዛማዎቹ አንዳንዶቹ ከሚበሉት ጋር ይመሳሰላሉ።

ይህን መብት ለመቅመስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከስቶክሆልም በስተምሥራቅ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ደሴቶችና አለቶች ባሕሩ ላይ ተበትነዋል፤ የሕዝብ መርከቦች ከከተማዋ መሐል ተነስተው ያደርሳሉ። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ፣ ወይም ድንኳን ይዞ ማደር ይቻላል። ሣር ውስጥ የሚውል ሰው ማታ ገላውን ይፈትሽ፤ የዚያ አካባቢ መዥገር የአንጎል በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሰሜን ደግሞ ሐምሌ ላይ ትንኙ መከራ ነው፤ ወባ ግን የለም።

ሰሜኑ ሌላ አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሌሊት ባቡር ከስቶክሆልም ተነስቶ 17 ሰዓት ገደማ ተጉዞ አቢስኮ ያደርሳል። የአቢስኮ ብሔራዊ ፓርክ በ1909 ከተከለሉት፣ በአውሮፓ የመጀመሪያ ከሆኑት ዘጠኝ የስዊድን ፓርኮች አንዱ ነው። ተራሮቹ ዝናቡን ስለሚከላከሉለት በዓመት የሚያገኘው 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ሦስት እጥፍ በላይ ታገኛለች። ኩንግስሌደን የተባለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የእግር መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁሉንም መጨረስ ወር ሊፈጅ ስለሚችል ብዙው ሰው ከአቢስኮ እስከ ኒካሉኦክታ ያለውን 105 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሳምንት ገደማ ይሄዳል። በየ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትሩ አልጋና ምድጃ ያላቸው ጎጆዎች አሉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ከበቅሎ፣ ከበቅሎ ነጂና ከጥበቃ ስካውት ጋር መሄድ የለመደ ተጓዥ እዚህ ሸክሙን ራሱ ይሸከማል፤ መንገዱ በድንጋይ ክምርና በቀይ ቀለም ስለተለየ መሪ አያስፈልገውም። ሳንባ የሚፈትን ከፍታ ስለሌለ ለደጋ ሰው ብቻ ሳይሆን ለቆላውም አይከብድም። የሚከብደው በሐምሌም ቢሆን በድንገት የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስና ዝናብ ነው።

ይህ ምድር የሳሚ ሕዝብ አገር ነው። ሳሚዎች ሬንዲር የሚባለውን አጋዘን እያረቡ ከጫካ ወደ ተራራ፣ ከተራራ ወደ ጫካ ከወቅቱ ጋር ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው፤ ቋንቋቸው ከስዊድንኛ ጋር ዝምድና የለውም። መንግሥት ለረጅም ዘመን ቋንቋቸውንና መሬታቸውን ሲጫን የኖረ በመሆኑ የሰሜኑን ውበት ብቻ አይቶ መመለስ ታሪኩን ግማሽ ማንበብ ነው። ዮክሞክ ላይ ከ1605 ጀምሮ በብርድ ወራት የሚቆመው ገበያቸው እስካሁን በጥር መጨረሻ ይካሄዳል። መንጋ ሲያጋጥም ቆሞ ማሳለፍ ይገባል፤ የሬንዲሩን ብዛት ባለቤቱን መጠየቅ ግን የባንክ ሒሳቡን እንደመጠየቅ ይቆጠራል። የቦረና ወይም የአፋር አርብቶ አደር ይህንን ሲሰማ አይደነቅም።

ኪሩና የብረት ማዕድን ከተማ ናት። ቁፋሮው ከሥር እየገዘገዛት ስለሄደ የከተማዋ መሐል ወደ ምሥራቅ እየተነሳ ነው። በ1912 የተሠራው የእንጨት ቤተ ክርስቲያኗ፣ 672 ቶን የሚመዝነው፣ በኦገስት 2025 ሳይፈርስ በጎማ ላይ ተጭኖ በሁለት ቀን 5 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። አሮጌ ሰፈር ሲነሳ ቅርሱ አብሮ ይነሳል ወይስ ይፈርሳል የሚለው ክርክር ለአዲስ አበባ አንባቢም አዲስ ስላልሆነ፣ አዲሲቱን ኪሩና ማየት ከበረዶ ያለፈ ቁም ነገር አለው።

በብርድ ወራት የሚሄድ ሰው ሌላ ጉዞ ነው የሚጓዘው። ኪሩና አካባቢ ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንስቶ ለሦስት ሳምንት ገደማ ፀሐይ አትወጣም፤ ስቶክሆልም ላይም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ወጥታ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የጨለማው ካሳ የሰማይ ብርሃን ነው። ከፀሐይ የሚመጡ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች የምድርን መግነጢስ ተከትለው ወደ ዋልታው ሲወርዱ ከላይኛው አየር ጋር ይጋጫሉ፤ ኦክስጅኑ አረንጓዴና ቀይ፣ ናይትሮጅኑ ሰማያዊና ሐምራዊ ያበራል። ሰማዩ ከጠራ ከመስከረም እስከ መጋቢት አቢስኮ ላይ ይታያል፤ በበጋ ግን ሌሊቱ ስለማይጨልም ማንም አያየውም። ዩካስየርቪ ላይ ከቶርነ ወንዝ በሚቆረጥ በረዶ በየዓመቱ እንደገና የሚሠራ ሆቴል አለ፤ አንድ ሌሊት ያስመካል፣ ሁለተኛው አያስፈልግም። በየካቲት መጨረሻ ገደማ የሚካሄደው የ90 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ቫሳሎፐት ከ1922 ጀምሮ የጉስታቭ ቫሳን ሽሽት ያስባል። ስኪ ለኢትዮጵያዊ አይሆንም የሚል ካለ ሮቤል ተክለማርያም በ2006ቱ የቱሪንና በ2010ሩ የቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒኮች የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በዚሁ ስፖርት ተወዳድሯል።

ወጪውን በሚመለከት፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የውጭ ጉዞ ሁሉ በብር ሲሰላ እጅግ ተወድዷል። የሚቆጠበው በማደሪያና በምግብ ነው። ወጥ ቤት ያላቸው የወጣቶች ማረፊያዎች በመላ አገሪቱ አሉ፤ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ አብስሎ የሚበላ ሰው ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ምግብ ቤት የሚሻ በምሳ ሰዓት ቢሄድ ከእራት በብዙ ይረክስለታል። የቧንቧ ውኃ ይጠጣል፣ ነጻ ነው። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ሱቆችና አውቶቡሶች ስለሚበዙ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ከአዲስ አበባ ይዞ መነሳት ግድ ነው።

ጾመኛ አይቸገርም። ከአጃ የሚሠራ ወተት ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ በተደረገ ምርምር የተፈጠረ የአገሩ ምርት ስለሆነ በየሱቁ አለ፤ እንጀራም ሐበሾች በሚበዙባቸው የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈሮች ይሸጣል። ቡናውም ብርቅ አይሆንበትም። ስዊድኖች ሥራ አቋርጠው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ፊካ ብለው ይቀመጣሉ፣ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ይበላሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥታቸው ቡናን ደጋግሞ ከልክሎት እንደነበር አሁን የሚያምን የለም።

ለልብስ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በበጋ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ሹራብና የተለማመዱት ጫማ ይበቃል። ለብርድ ወራት የሚሆነውን ወፍራም ካፖርት ግን አዲስ አበባ ላይ ከመፈለግ፣ ስቶክሆልም ደርሶ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከሚከፍቷቸው የልባሽ ልብስ መደብሮች መግዛት ይረክሳል፤ ለዚያ አየር የተሠራም ነው። አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ሰሜኑን ትቶ ስቶክሆልምን፣ ኡፕሳላንና ደሴቶቹን ይያዝ። ሁለት ሳምንት ያለው በሌሊት ባቡር አቢስኮ ደርሶ ይመለሳል፤ የኩንግስሌደንን ሰባት ቀን በእግር መሄድ የሚፈልግ ደግሞ ከዚያም በላይ ቀን ይመድብ፣ የባቡሩን አልጋም ለሐምሌ ከሆነ ወራት ቀደም ብሎ ያስይዝ።